አጥሩ ላይ የተሰቀሉት ፊቶች

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ የሰው ፊት መሳል ነው።

ሳቃችሁ? ቆዩ፣ ገና ነው። «ፊት መሳል ደግሞ ሥራ ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ድሮ እንደ እናንተ ነበርኩ። «እህቴ፣ ሥዕሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ሥራሽ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኳት እኔው ነኝ! ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት ኖሮ። ጨዋ ሰው ስለሆነች ግን «ይሄው ነው ፓስተር» አለችኝ።

ሶዶ ሳገለግል ነው የማውቃት። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትሠራ ነበር። ሰው ፎቶ ይዞ ይመጣል። የተመራቂ ልጅ ፎቶ፣ የሙሽሮች ፎቶ፣ የሞተ አባት ጉርድ ፎቶ። እሷ ያንን እያየች በሸራ ላይ ትልቅ አድርጋ ትስለዋለች።

እጇስ! ጉርድ ፎቶ መቼም ታውቃላችሁ። ሁላችንም መታወቂያችን ላይ ስንታይ አሁን የተያዘ ሌባ አይደል የምንመስለው? እሷ ስትስለው ግን ሰውዬው ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሰው ይሆናል። አንዱ ወጣት የአባቱን ሥዕል ሲያይ እንባው መጣ። «ሲስቅ ጉንጩ እንደሚሰረጉድ እንዴት አወቅሽ? ፎቶው ላይ እኮ አይስቅም!» አላት። «አንተ በቀደም ስትስቅ አይቼህ ነበር። ልጁ አይደለህ?» አለችው። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ሠርታ መኖር የለባትም? ቢያንስ ቢያንስ የቤት ኪራይዋን መክፈል የለባትም? ንገሩኝ እንጂ!

አልቻለችም። ሰነፍ ስለሆነች ነው? አይደለም። ሰው ስላልመጣላት ነው? ሰውማ ይመጣል። ችግሩ አንዲት ቃል ከአፏ አትወጣም። ዋጋ መናገር አትችልም።

«ስንት ነው?» ይሏታል። «ደስ ያላችሁን» ትላለች።

«ኧረ ቁርጡን ንገሪን» ይሏታል። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ደስ ያላችሁን።»

አንዳንዴ ደግሞ «ቀብድ ላስይዝ?» የሚል ደህና ሰው ይመጣል። ያን ጊዜማ ጭራሽ ትቆጣለች። «በእኔና በአንተ መካከል ደግሞ ቀብድ? ተው እንጂ! አላምንህም መሰለህ?»

ይሉኝታ ነው ወገኖቼ። ይሉኝታ! ይቺ ይሉኝታ የምትባል ነገር ስንት ሱቅ አዘጋች! ስንት ባለሙያ ከሙያው አስወጣች! ሰውነታችን ሲታመም ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ይሉኝታ ሲይዘን ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» ተብለን እንመሰገናለን።

ሥዕሉ ሲያልቅስ? የሚወስደው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» ይላታል። እሷም «አብሮ ይስጠን» ትላለች። ከዚያ ያገኘውን ጥቂት ነገር አጣጥፎ እጇ ላይ ያስጨብጥና ውልቅ ይላል።

እስቲ ይህን ቃል እናየው። በቀን አሥር ጊዜ እንለዋለን። «ይስጥልኝ» ምን ማለት ነው? «ለእኔ ብሎ፣ በእኔ ፈንታ፣ እሱ ይስጥሽ» ማለት ነው። በእኔ ፈንታ! ምርቃት ነው፣ መልካም ቃል ነው፣ አትተዉት። ግን ስንቶቻችን ነን በዚህ ምርቃት ኪሳችንን የምንዘጋ? ስንቶቻችን ነን እግዚአብሔርን ከፋይ አድርገን ራሳችን ተሸክመን የምንሄድ?

እሺ፣ እነዚህስ ደህና ናቸው፤ ቢያንስ መጥተው ወስደዋል። አዝዘው ያልመጡትስ?

አንዱ ከኮሌጅ የሚመረቅበት ቀን አለፈበት። አንዷ ከእጮኛዋ ጋር ተጣልታ ሠርጉ ቀረ። አንዱ ለአለቃው ስጦታ ብሎ አዝዞ፣ አለቃው ተዛወረ። አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ረሳው። ልብ በሉ፣ ጫማ ሰፊ ያልተወሰደ ጫማ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የሰው ፊት ግን ለማን ይሸጣል? የማላውቀውን ሰው ፊት ገዝቼ ሳሎኔ ውስጥ ልስቀል? ስለዚህ ሥዕሎቹ በክፍሏ ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ። መጨረሻ ላይ ሠላሳ አንድ ፊት ሆኑ። ሸራው ከራሷ፣ ቀለሙ ከራሷ፣ ቀኑ ከራሷ! ጠዋት በሩን ስትከፍት ሠላሳ አንድ ሰው ያያታል፤ የሚከፍላት ግን አንድም የለም።

ስሟን ልንገራችሁ፤ ለመናገር ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። አመነች ትባላለች።

በመጨረሻ አመነች ተሸነፈች። አዳማ ያለው ታላቅ ወንድሟ፣ ኤርሚያስ ይባላል፣ በአንድ ሱፐርማርኬት የገንዘብ ተቀባይነት ቦታ አገኘላት። «እስከ መስከረም ሁለት ካልመጣሽ ለሌላ ይሰጡታል። ይሄን ጨዋታሽን ተይና ነይ» አላት። ጨዋታሽን! የቤቱ ባለቤት እማማ አየለችም ክፍሉን ለፀጉር ቤት ለማከራየት ተነጋግረው ጨርሰዋል። አመነች ደግሞ ራሷን ታውቃለች። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ውላ ስትመለስ ብሩሽ እንደማታነሳ ታውቃለች። አንድ ዓመት ከተወችው እጇ እንደሚረሳው ታውቃለች። ከሄደች ሠዓሊነቱ ሊያበቃ ነው። ቢሮዬ መጥታ ነገረችኝና አለቀሰች። እኔም ጸለይኩላት። «ጌታ ሆይ፣ መንገዷን አቅና» ብዬ፣ እጄን ጭኜ፣ ጥሩ አድርጌ ጸለይኩላት። ይቺን ያዙልኝ።

ጳጉሜ ገባ። አመነች ክፍሏን ታጸዳ ጀመር። ቀለሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠች፤ ወንበሩን ሸጠች። ሥዕሎቹስ? ሸራው ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብላ ነጭ ቀለም ቀብታ ልታጠፋቸው አሰበች። ከፊት ያገኘችው ያቺን ሠርጓ የቀረባትን ሙሽራ ነው። ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከረችና ከግንባሯ ጀመረች። ወደ ዓይኗ ስትወርድ ግን እጇ ቆመ። «የሰው ዓይን በእጄ ልድፈን?» አለች። አልቻለችም። ነጩን በጨርቅ ጠርጋ መልሳ አቆመቻት።

ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያሰበችው። «እኔ ልሄድ ነው። ገንዘቡም ይቅር። እነዚህ ሰዎች ግን ወደየቤታቸው ይሂዱ።»

በገበያ ቀን በጠዋት ተነስታ ሚስማርና ሲባጎ ይዛ ወጣች። የእማማ አየለችን የቆርቆሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ አንድ ፊት ሰቀለችበት። መሀል ላይ አንድ ካርቶን ሰቅላ እንዲህ ጻፈችበት፦ «ልሄድ ነው። የእናንተ ከሆነ ውሰዱ። በነጻ ነው። አመነች።»

ወይ ጉድ! የገበያ መንገድ እኮ ነው! ቅቤ የያዘው፣ የቦዬ ሥር የተሸከመው፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ሁሉ ቆመ። ባጃጁ ቆመ። ከኋላው ያለው ባጃጅ ጡሩምባ ነፍቶ ነፍቶ ሲያበቃ እሱም ወርዶ ማየት ጀመረ።

«እንዴ! ይሄ የወርቅነህ ልጅ አይደለም እንዴ? ያ መሐንዲሱ?»

«እሱ ነው! ጥርሱን አየሽው? ቁርጥ እሱን!»

«ይቺ ሙሽራ ግን ከዚህኛው ጋር አልተጋባችም እኮ!»

«ዝም በይ፣ እናቷ ከኋላሽ ናት!»

ሰው ይስቃል፣ ይጠቋቆማል፣ ያደንቃል። ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሰው እንኳ፣ ከዚያች ጠባብ በር ኋላ ይሄ ሁሉ እጅ እንዳለ አያውቅም ነበር። ግን ልብ በሉ፣ በነጻ ነው ተብሎ ተጽፎ አንድም ሰው አልነካም! እኛ? እኛ በነጻ የተባለ ነገር የምናልፍ ሰዎች ነን? ታዲያ ለምን አልነኩም? ገበያ ሙሉ ሰው እያየ፣ ያዘዘውን ሥዕል ሳይከፍል ማን ደፍሮ ያነሳል? ያ አመነችን ያደኸያት ይሉኝታ፣ አሁን ዞሮ ሰዎቹን ራሳቸውን ያዛቸው።

በዚህ መሀል እኔ መጣሁ።

አዎ፣ እኔ። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ጃንጥላ ይዣለሁ። ሰው ተሰብስቦ አየሁና «ምንድን ነው?» ብዬ ቀረብ አልኩ። ቀና ብዬ ስመለከት፣ ከላይኛው መስመር፣ በስተቀኝ በኩል፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? እኔና ባለቤቴን! ለጋብቻችን አሥረኛ ዓመት ብዬ አዝዣት ነበር። «የወሩ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብያት ነበር። ወሩ አለቀ። ሌላ ወር መጣ። ሰባት ወር ሆነው! ያቺ ሴት ቢሮዬ መጥታ ስታለቅስ፣ እኔ እጄን ጭኜ ስጸልይላት፣ የእኔ ፊት ክፍሏ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። አንዲት ቃል አላለችኝም። እኔም አላስታወስኩም። ጸሎቴን ግን ጥሩ አድርጌ ጸልዬ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? አገልጋይ ነኝና ቀርቤ ይቅርታ ጠየቅሁ? አልዋሻችሁም። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ! አለፍኩ ወገኖቼ! አፍሬ ሳይሆን እንዳላፍር ብዬ አለፍኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ ቆምኩ። ያስቆመኝም ጽድቄ እንዳይመስላችሁ፤ የጋሽ ቶማ ድምፅ ነው።

ጋሽ ቶማ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። ሸምገል ያሉ፣ ቁጡ፣ ሚስማር ሲመዝኑ እንኳ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዳሚቴ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለአመነች የባለቤታቸውን ፎቶ ሰጥተው «ሳዪልኝ» ካሉ በኋላ አልተመለሱም ነበር። አሁን አጥሩ ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። እትዬ ዳሚቴ ከላይ ሆነው ያዩአቸዋል፤ ሰው ሲቀልድ ቀስ ብላ የምትመጣው ያቺ ፈገግታቸው ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አለች። ጋሽ ቶማ ብዙ ቆሙ።

«ልጄ» አሏት፣ «በየቀኑ በደጃፍሽ አልፋለሁ። ፈርቼ ነው ያልገባሁት። ዳግመኛ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።»

አመነች እንባዋ መጣ። «ይውሰዷቸው ጋሼ» አለች።

«ስንት ነው?»

«ኧረ ጋሼ… ደስ ያልዎትን። ጽፌው የለ? በነጻ ነው።»

ይህኔ ጋሽ ቶማ ፈነዱ! «ምን አልሽ? ደስ ያልዎትን? የዳሚቴ ፊት ደስ ያልዎትን ይባላል? በነጻ! በነጻ የሚሰጠው የተበላሸ ቲማቲም ነው! አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት በነጻ ተሸክሜ ልግባ? ዋጋ ንገሪኝ!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዋጋ!»

ሕዝቡ ሁሉ አመነችን ያያል። እኔ ከጃንጥላዬ ሥር ሆኜ አያታለሁ። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች። ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ ተናገረችው! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብላ፣ ገበያ መሀል፣ ዋጋዋን ተናገረች! ስንት አለች? አልነግራችሁም፤ አሁን ዋጋው ጨምሯል፣ ኋላ በአሮጌው ዋጋ ሥሪልን ብላችሁ ታስቸግሯታላችሁ!

ጋሽ ቶማ ከፈሉ። አንድ ብር አልቀነሱም፣ አንድ ብርም አልጨመሩም። ሥዕሉን ከሚስማሩ አውርደው ደረታቸው ላይ ከያዙ በኋላ ዞር አሉና እንዲህ አሏት፦

«ስሚኝ ልጄ። ያን ጊዜ ቀብድ ልስጥሽ ስልሽ እምቢ አልሽኝ። ቀብድ ለሻጭ ብቻ መሰለሽ? ለገዢም ነው እኮ! ቀብድ የከፈልኩበት ዕቃ ልቤን ይይዘዋል። ብፈራም፣ ባዝንም፣ ብዘገይም እየጎተተ ያመጣኛል። አንቺ ምንም ሳትይዢኝ ለቀቅሽኝ። በምን ልመለስ?»

በምን ልመለስ! እኔ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ስብከት ግን አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! አንዲት እናት የልጇን ሥዕል ጠየቀች። «ስንት ነው?» አመነች ነገረቻት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለላት፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀለላት። መሐንዲሱ ልጅ በስልክ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ያቺ ሙሽራ ራሷ መጣች። ደፋር ናት፣ በሰው ሁሉ ፊት ከፈለችና «እሱን ትተሽ እኔን ብቻ ልትስዪኝ ትችያለሽ?» አለቻት። አመነችም «እችላለሁ። ግን አዲስ ሥዕል ነው፣ አዲስ ዋጋ አለው» አለች። ገበያው በሳቅ ተናጋ!

እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ ቀረብኩ። «ፓስተር፣ እርስዎ ደግሞ ደስ ያል…» ልትል ስትጀምር ጋሽ ቶማ ከኋላ «እህህ!» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቋረጠችና ዋጋዬን ነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ከፈልኩ፣ ሥዕሌን ተሸክሜ በገበያው መሀል ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ አይታኝ «ሰባት ወር ሙሉ የት ነበርን?» አለችኝ።

እኩለ ቀን ሳይሆን አጥሩ ላይ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይሄ ነው፤ ሥዕል ለመውሰድ ሳይሆን ለማዘዝ ሰው ተሰለፈ! ሠላሳ አንድ ሥራዋን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ አይቶ የማያውቅ ከተማ ያን ቀን አየ። «የአባቴንስ ትስዪልኛለሽ?» «የልጆቼንስ?» አመነችም እየሳቀች፣ «እስላለሁ፤ ግማሹን ቀብድ ታስይዛላችሁ፤ በዚህ ቀን መጥታችሁ ትወስዳላችሁ» ትላለች። እማማ አየለችን አስጠርታ ኪራዩን በእጃቸው ሰጠቻቸው። የፀጉር ቤቱ ነገር ቀረ። ለኤርሚያስም ደወለችለት። «አልመጣም» አለችው። «ለምን?» አላት። «ሥራ ላይ ነኝ!» አለችው።

ሃሌሉያ በሉ እንጂ! ለዚች ሴት ሃሌሉያ አይባልም?

በሳምንቱ በሯ ላይ ሰሌዳ ወጣ። በገዛ እጇ፣ በሚያምር ጽሑፍ። ትንሹ ሸራ ይህን ያህል፣ ትልቁ ይህን ያህል፣ ቀብድ ግማሽ። ከታች በቀይ «ደስ ያላችሁን አንቀበልም» ይላል።

ደግሞ ሁሉም ሰው አጨበጨበላት ብዬ አልዋሻችሁም። «ገንዘብ ወዳድ ሆነች» ያሏት ነበሩ። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን! የሰንበት ትምህርት ቤቱን ግድግዳ እንድትስልልን ኮሚቴው ጠራትና እሷም ዋጋዋንና ቀብዷን ነገረችን። ሰብሳቢያችን «እንዴ አመነች! ለጌታ ሥራ ቀብድ?» አላት። ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ጌታ አዝዞኝ ቢሆን በነጻ እሠራ ነበር። ያዘዘኝ ኮሚቴው ነው።» እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ! ቀጥላም አለች፦ «ለጌታ የምሰጠውን ከእጄ ልስጥ። እናንተ አትውሰዱብኝ። የወሰዳችሁብኝን ሰጠሁ ማለት አልችልም።» ኮሚቴው ቀብዱን አስያዘ። እሷም በሚቀጥለው እሁድ መባዋን ይዛ መጣች። ስንት እንደሆነ እሷና ጌታዋ ያውቃሉ፤ ሰብሳቢያችን ግን ከዚያ ወዲህ ስታልፍ ከወንበሩ ይነሳል።

ዛሬስ? ዛሬ ስምንት ዓመት ሆነ። የምርቃት ወቅት ሲያልፍ ሥራ ይቀዘቅዛል ብላ ቁጭ አላለችም። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤትና የሆቴል ግድግዳ ትስላለች። የሶዶን ገበያ፣ የዳሞታን ተራራ እየሳለች በትንንሽ ካርድ አሳትማ ለመንገደኛ ትሸጣለች። ካገኘችው ላይ በመጀመሪያ የቀለሟንና የሸራዋን ታነሳለች፤ የተረፈው ነው የቤቷ። ከእሷ ጋር ሦስት ሴቶች ይሠራሉ፣ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ «አመነች» ብላ ስሟን ትጽፋለች። ያ «ጨዋታሽን ተይ» ያላት ወንድሟ ኤርሚያስ ሲያገባ፣ ከአዳማ ድረስ መጥቶ ሥዕሉን ከእሷ አሠራ። ቀብድ አስይዞ! ለወንድሟም አልማረችም!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእናንተ መካከል እጁ የተባረከ አለ። ትስላላችሁ፣ ትሰፋላችሁ፣ እንጨት ትጠርባላችሁ፣ ታስተምራላችሁ። «ስንት ነው?» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? «ደስ ያላችሁን» ትላላችሁ፣ ከዚያ ማታ ተመልሳችሁ እግዚአብሔርን «ለምን አትሰጠኝም?» ትሉታላችሁ። ሰጥቷችኋል እኮ! እጅ ሰጥቷችኋል! እናንተ ናችሁ በሰጣችሁ ነገር ላይ የምታፍሩ። ትሕትና አይደለም ይሄ። ትሕትና ሥራህን ከልብህ ሠርተህ፣ ዋጋህን በእውነት ተናግረህ፣ ክብሩን ለሰጠህ መመለስ ነው። እግዚአብሔር የሰጣችሁን እጅ እናንተ ራሳችሁ ስታረክሱት እሱ ደስ ይለዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

እሱ እኮ እንዲህ አላደረገም። እግዚአብሔር እኛን ሲፈልገን «እስቲ አያለሁ፣ ደስ ካለኝ እመጣለሁ» አላለም። ዋጋችንን ከፈለ። ያውም በጨለማ ተደብቆ አይደለም፤ በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ እያየ፣ ሁሉንም ከፈለ! በዚያ ላይ ደግሞ ቀብድ ጨመረ። መንፈሱን በልባችን ውስጥ አስያዘ። ለምን? ያን ቀን ጋሽ ቶማ ምን አሉ? ቀብድ የከፈለ ሰው ይመለሳል! የእኛ ጌታ ይመለሳል ወገኖቼ! ብንዘገይ እሱ አይዘገይም፤ ብንረሳ እሱ አይረሳም። አቧራ ይዞን፣ ግድግዳ ተደግፈን፣ ማንም አይፈልገንም ብለን ተስፋ ስንቆርጥ፣ «የእኔ ናት፣ የእኔ ነው» እያለ ይመጣል!

እንዲህ የተከፈለለት ሰው ታዲያ የሰው ድካም ሳይከፍል ያልፋል? እንደ እኔ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ልብስ ሰፊ ጋ የተወው ሱፍ ያለው አለ። አናጺ ቤት አዝዞ የረሳው ቁም ሣጥን ያለው አለ። አንዷን እህት አሠርቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ብሎ የወጣ አለ። ጸሎት አልጨምርላችሁም ዛሬ። ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ እዚሁ፣ አሁን! በስብከት መሀል ስልክ አይነካም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ። ደውሉና «ነገ ጠዋት ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» በሉ።

እኔ እጠብቃለሁ። አልቸኩልም።

እህቴ፣ ደወልሽ? ጎበዝ! አንተስ፣ ከኋላ በኩል ያለኸው? አያነሳም? እንደገና ሞክር። ያንተን ስልክ ከጠበቀ ስንት ወሩ ነው፣ አንተ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ! … አነሳ? አነሳ! ንገረው! ጮክ ብለህ ንገረው፣ ሁላችንም እንስማ!